የ1983 ሶቴርን ወይን ተሰጠን፤ ቀለሙ ጠቁሯል። እንዴት እንክፈተው? በምንስ እናጣጥመው?

የሊዮኗ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታችሁን ፈልጌ ነው። የምኖረው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ነው። የባለቤቴ አያት ከምድር ቤታቸው አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ወይን አውጥተው ሰጡን። ሻቶ ሪዬሴክ፣ ሶቴርን፣ 1983 ይላል። «ከወዳጆቻችሁ ጋር ጠጡት፤ ከዚህ በላይ አታቆዩት» ነው ያሉን።

ለዳግማይ ትንሣኤ እሳቸውን ጨምሮ ስምንት ሆነን እቤታችን እንበላለን። ዶሮ ወጥ እሠራለሁ። ወይኑንም ያን ቀን ልንከፍተው ነው። የሚያሳስበኝ መጀመሪያ ቀለሙ ነው። ጠርሙሱ ነጭ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። ወርቃማ ይሆናል ያልኩት ወይን ወፈር ያለ ሻይ መስሏል። ከታችም የዘቀጠ ነገር አለው። ተበላሽቶ ይሆን? ቡሹም አርጅቷል፤ ተፈርፍሮ እንዳይገባብን ፈርቻለሁ። አንድ ጠርሙስስ ለስምንት ሰው ይዳረሳል? ከዶሮ ወጥ ጋር ይሄዳል?

ደግሞ ስለ ወይን ብዙ አላውቅም። አያትየው ወይን ሲቀዳ «ምን ሸተተሽ?» ማለት ይወዳሉ። ያልሸተተኝን ሸተተኝ ማለት አልፈልግም። ምኑን ልብ ልበል?

ቦርዶ ነዋሪ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ቦርዶ ውስጥ ምግብ ቤት ወይን አቀርባለሁ። ሶቴርን ከዚህ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ስለ ቀለሙ አትጨነቂ። ሶቴርን በልጅነቱ ቢጫ ነው፤ ከዚያ ወርቅ፣ ከዚያ መዳብ፣ ሲሸመግል ቡናማ ይሆናል። 40 ዓመት ያለፈው ሶቴርን ሻይ ቢመስል ዕድሜው ነው። መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው። ጠርሙሱን ሳታናውጪ ብርሃን ፊት ያዢው። ጠቁሮም ቢሆን ጥርት ብሎ ካበራ ጥሩ ነው። ደፍርሶ ከታየሽ ያኔ ተጠራጠሪ። ቀጥሎ የወይኑን ልክ እዪ። አንገቱ ሥር ወይም ትከሻው መጀመሪያ ላይ ከሆነ ለዚህ ዕድሜ ደህና ነው። ከትከሻው ወገብ በታች ከወረደ በቡሹ በኩል አየር ሲገባ ኖሯል ማለት ነው።

የዘቀጠው ነገር አይጎዳም። እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ከሆነ የወይኑ አሲድ የሠራው ክሪስታል ነው። ቡናማ ዱቄት ከሆነም የዕድሜ ዝቃጭ ነው። ብርጭቆ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ መጠንቀቅ ነው።

ዓመቱም መልካም ነው። ቦርዶ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 1982 ነው፤ ያ ግን ለቀይ ወይን ነው። በ1982 ሶቴርን ላይ በለቀማ ሰዓት ዝናብ ወርዶ ብዙውን አበላሸው። 1983 ግን ለጣፋጩ ወይን ከታላላቆቹ ዓመታት አንዱ ሆነ። ሪዬሴክ ደግሞ በ1855ቱ የቦርዶ ወይኖች የደረጃ ዝርዝር አንደኛ ደረጃ የተሰጠው የወይን አምራች ቤት ነው፤ መሬቱ ከዝነኛው የሶቴርን አምራች ከዲኬም ጋር ይዋሰናል። አያትየው የሰጧችሁ ትልቅ ስጦታ ነው።

የሊዮኗ

ተባረክ! ብርሃን ፊት አየሁት፤ ጥርት ያለ ነው። ልኩም አንገቱ ሥር ነው። ለመሆኑ ይሄን ያህል ዓመት ሳይኮመጥጥ እንዴት ቆየ? ነጭ ወይን ቶሎ ይጠጣል ሲባል ነው የምሰማው።

ቦርዶ ነዋሪ

ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል፤ ወይኑን የሚያስወድደኝ መልሱ ነውና።

ሲሮን የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። ከጫካ ስለሚመጣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ሞቅ ካለው ከጋሮን ወንዝ ጋር ሲገናኝ በመጸው ጠዋት ጠዋት ጉም ይነሳል። ጉሙ ቦትራይቲስ የሚባለውን ሻጋታ በወይኑ ፍሬ ላይ ያበቅላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጥታ ታደርቀዋለች። ጉሙ ቀኑን ሙሉ ቢቆይ ፍሬው በስብሶ ይጠፋ ነበር። ፀሐይዋ ስትመጣ ግን ሻጋታው የፍሬውን ቆዳ ይበሳሳና ውሃው ብቻ ይተናል። ስኳሩና አሲዱ ተጠራቅመው ይቀራሉ።

ችግሩ ሁሉም ፍሬ በአንድ ቀን አይደርስም። ስለዚህ ለቃሚዎቹ ያው ማሳ ውስጥ እየተመላለሱ የደረሰውን ብቻ ይመርጣሉ፤ ለቀማው ሳምንታት ይወስዳል። ዲኬም ውስጥ ከአንድ የወይን ግንድ አንድ ብርጭቆ ነው የሚገኘው ይባላል። ዓመቱ ካልሆነላቸውም ጭራሽ አያወጡም። በ1992 እና በ2012 ዲኬም በስሙ ወይን አልሸጠም።

ዕድሜውን የሚያረዝመው እንግዲህ ይህ ነው። በሊትር ከ120 ግራም በላይ ስኳር፣ በቂ አልኮል፣ በዚያ ላይ አሲድ። አሲዱን ሰው ይረሳዋል እንጂ እሱ ባይኖር ሽሮፕ ነበር የሚሆነው። በ2011 አንድ የ1811 ዲኬም ጠርሙስ በ75,000 ፓውንድ ተሽጧል፤ ገዢው ሁለት መቶ ዓመት የሞላው ወይን ገና ይጠጣል ብሎ ነው የገዛው።

ከኩሽና

ስለ ቡሹ እኔ ልናገር። ጠርሙሱን ከሁለት ቀን በፊት ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፤ ዝቃጩ ታች ይወርዳል። በተለመደው ጠመዝማዛ መክፈቻ አትሞክሪው። የ40 ዓመት ቡሽ መሐሉ ደክሟል፤ ይፈረፈራል። ሁለት ቀጭን የብረት ምላስ ያለው መክፈቻ አለ። ምላሶቹን በቡሹና በጠርሙሱ መሐል እያወዛወዝሽ ታስገቢያለሽ፤ ከዚያ እያዞርሽ ቀስ ብለሽ ትስቢያለሽ። ሊዮን ውስጥ የወይን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አያጣውም። ከተሰበረም ዓለም አትጠፋም፤ በንጹሕ ወንፊት አጥልይው።

ሌላ ዕቃ ውስጥ ገልብጠሽ ለሰዓታት አታቆዪው። ወጣት ወይን አየር ይወድ ይሆናል፤ ሽማግሌው ግን ሽታውን ቶሎ ይለቃል። ልትበሉ ስትቀመጡ ክፈቺውና ከራሱ ጠርሙስ ቅጂ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል አቆይተሽ፣ ከመቅዳትሽ ከሃያ ደቂቃ በፊት አውጪው። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከቀዘቀዘ ሽታው ይታፈናል፤ ከሞቀ ጣፋጭነቱ ብቻ አፍ ላይ ይቀራል።

አንድ ጠርሙስ ለስምንት በደንብ ይበቃል። ለአንድ ሰው 9 ሴንቲ ሊትር ይደርሳል፤ ከዚህ ወይን ማንም ከዚያ በላይ አይጠጣም። የአረቄ መለኪያ ግን አታውጪ! የነጭ ወይን ብርጭቆ፣ ከአፉ ጠበብ ያለው፣ ሲሶው ብቻ ተሞልቶ።

ዶሮ ወጡን በተመለከተ፣ እባክሽ ለይያቸው። በርበሬው፣ ቁሌቱና ቅቤው የዚህን ሽማግሌ ድምፅ ይውጡታል። ከዶሮው ጋር ጠጅ ወይም ቢራ አቅርቢ። ከዚያ ተጨዋወቱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ወይኑ ያኔ ይምጣ።

ዲሲ ማታ

እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ሶቴርን ከቅመም ጋር ሞክሬ በጣም ነው የወደድኩት። ጣፋጩ የበርበሬውን ማቃጠል ያበርደዋል። ጠጅ ከክትፎ ጋር የሚስማማው በዚሁ አይደል?

ከኩሽና

ወንድሜ፣ የጠጣኸው ስንት ዓመቱ ነበር? የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ሶቴርን ከሆነ እኔም እስማማለሁ፤ ፍሬው ገና ጠንካራ ስለሆነ ከበርበሬ ጋር ይታገላል። የእህታችን ግን ሌላ ነው። በ40 ዓመት ውስጥ የመጣው ነገር ሁሉ ስስ ነው። በርበሬ የነካው ምላስ አያገኘውም።

ዲሲ ማታ

ትክክል፣ የእኔ የ2015 ነበር። ይሁን እሺ።

ከኩሽና

ታዲያ ከወይኑ ጋር ሮክፎር አቅርቢ፤ ያ ሰማያዊ ሻጋታ ያለው ቺዝ። ጨውነቱ ጣፋጩን ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። የኛ አይብ ጨው ስለሌለው ሥራውን አይሠራም። ቺዝ የማይወድ ሰው ካለ ዋልነት፣ የተቆላ አልሞንድ፣ ደረቅ አፕሪኮት። ቸኮሌትና ክሬም የበዛበት ኬክ ይቅር። ምግቡ ከወይኑ በላይ ከጣፈጠ ወይኑ አፍ ላይ ኮምጣጣ ይሆናል።

ኬሚስቱ

«ምን ሸተተሽ?» ለሚለው እኔ መልስ አለኝ፤ ደግሞ ከሁላችሁም ቤት የሚገኝ ነው።

አብሽ።

አልቀለድኩም። ሶቶሎን የሚባል ውህድ አለ። የአብሹን ሽታ አብሽ የሚያሰኘው ዋናው እሱ ነው። አብሽ የጠጣ ሰው ላቡ የሚሸተውም በእሱ ምክንያት ነው። ይኸው ሶቶሎን ቦትራይቲስ ባረፈበት ወይን ውስጥ ይገኛል፤ ወይኑ እያረጀ ሲሄድም ይጨምራል። ጥቂት ሲሆን የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፤ በዛ ሲል አብሽ ራሱ ነው። ስለዚህ አፍንጫሽ አብሽ ካለሽ እመኚው። ፈረንሳዮች መጽሐፍ ላይ ካሪ፣ ካራሜል፣ የብርቱካን ማርማላታ ብለው ይጽፋሉ። አንቺ ከልጅነትሽ የምታውቂውን ሽታ ከማንም በተሻለ ትለይዋለሽ። ስሙን በራስሽ ቋንቋ ጥሪው።

ብርጭቆውን መጀመሪያ ሳታዞሪው አሽትቺ። ከዚያ ቀስ ብለሽ አዙረሽ ደግመሽ አሽትቺ። ማር ይመጣል፤ የደረቀ አፕሪኮት፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ሳፍሮን፣ ዋልነት፣ አንዳንዴ እንጉዳይና የሻይ ቅጠል። በሶቴርን ላይ ትንሽ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት ሽታ ቢመጣም አትደንግጪ፤ ጥቂቱ ለዚህ ወይን የተለመደ ነው። እርጥብ ካርቶን ከሸተተሽ ግን ቡሹ አበላሽቶታል። ኮምጣጤ ብቻ ከሆነም አልፎለታል።

ስትጎነጪ አፍሽ ውስጥ አቆዪው። ልብ የሚባለው ነገር ይሄ ነው፤ ያረጀ ሶቴርን ከወጣቱ ያነሰ የጣፈጠ ይመስላል። ስኳሩ ግን እዚያው አለ። የቀነሰው ምላሳችን የሚያየው ነው። የፍሬው ጣዕም ወደ ኋላ ሲል መራራው፣ ለውዝ ለውዝ የሚለውና አሲዱ ወደፊት ይመጣሉ። ከዋጥሽ በኋላ ጣዕሙ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ቁጠሪ። ፈረንሳዮች አንዱን ሰከንድ ኮዳሊ ይሉታል። አያትየው ይህን ስትቆጥሪ ካዩ ደስ ይላቸዋል።

ብርጭቆሽን ቶሎ አትጨርሺ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስትመለሺበት ሌላ ወይን ነው።

ዲሲ ማታ

የእህታችንን ጥያቄ ልሻማባትና፣ አያት የሌለን ሰዎች ይሄን ነገር የት እናገኛለን? ያረጀ ሶቴርን ዋጋው አይቀመስም።

ቦርዶ ነዋሪ

ግማሽ ጠርሙስ ፈልግ፤ 37.5 ሴንቲ ሊትር። ለአራት ሰው ይበቃል፣ ከትልቁም ቀድሞ ይበስላል። ከጋሮን ማዶ ያሉትን የሉፒያክንና የሳንት ክሯ ዱ ሞንን ጣፋጭ ወይኖች እይ። እነሱም ከወንዙ ጉም ይደርሳቸዋል፤ ዋጋቸው ግን በጣም ይቀንሳል።

የዕድሜን ጣዕም ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ግን ወደ ስፔን ድንበር ውረድ። ሪቭሳልት፣ ሞሪ፣ ባኒዩል የሚባሉ ጣፋጭ ወይኖች አሉ። እነዚህ ያለ ሻጋታ ነው የሚሠሩት። ጭማቂው ገና እየፈላ ሳለ አልኮል ይጨመርበትና እርሾው ይቆማል፤ ያልፈላው ስኳር ውስጡ ይቀራል። ከዚያ አውቀው አየር እያስነኩ ያስረጁታል። አንዳንዶቹ በትልልቅ የመስታወት ገንቦ ሞልተው ውጭ ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል። ከሶቴርኑ ጋር ሲተያይ ያረጀ ሪቭሳልት ዛሬም በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛል፤ የ70ዎቹና የ80ዎቹ ጠርሙስ ሁሉ። ቡና፣ ዋልነት፣ የደረቀ በለስ ነው ሽታው። ኬሚስቱ ያለው ሶቶሎንም አለበት። ባኒዩልና ሞሪ ደግሞ ከቸኮሌት ጋር ይስማማሉ፤ ሶቴርን የማይችለውን እነሱ ይችሉታል።

የሊዮኗ

ትናንት ከፈትነው። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቡሹ ከወገቡ ተሰበረ። ታችኛው ግማሽ ግን በሁለት ምላሱ መክፈቻ ተጎትቶ ወጣ፤ ወንፊት አላስፈለገም። ዶሮ ወጡን ቀድመን በላን፣ ተጨዋወትን፣ ከዚያ ሮክፎሩ መጣ። አሸተትኩ። መጀመሪያ ማርና የብርቱካን ልጣጭ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ምንም ጥርጥር የሌለው አብሽ! ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አያትየው አብሽ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ከኩሽና ዕቃውን አምጥቼ አሸተትኳቸው። ብርጭቆውንና ዕቃውን እያፈራረቁ ብዙ ጊዜ አሸተቱ። «ስሙን ሳላውቅ ነው ስጠጣው የኖርኩት» አሉኝና ስሙን በላቲን ፊደል አስጻፉኝ። ጣዕሙን ስንቆጥር እኔ ከሠላሳ ሰከንድ በላይ ደረስኩ፤ ባለቤቴ አርባ ነው ብሎ ተከራክሯል።

ጥያቄ አለኝ። ሁለት ብርጭቆ የሚሆን ተርፏል። ስንት ቀን ይቆይልናል?

ከኩሽና

እልል! ወጣት ሶቴርን ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ያንቺን ግን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ጨርሱት። የተሰበረውን ቡሽ አትመልሺበት፤ ንጹሕ ቡሽ ወይም የጎማ መክደኛ ተጠቀሚ። ትንሽ ጠርሙስ ካለሽ ደግሞ እስከ አፉ ሞልተሽ ገልብጪበት፤ አየሩ ይቀንስለታል። ቀጥ ብሎ ይቁም። ሥሩ ላይ የቀረውን ዝቃጭ አብረሽ እንዳትገለብጪው።