ጎሃ ጽዮን፦ ቅልጥ አለቱ በጀሶ ውስጥ ካለፈ ኒኬል አለ ማለት ነው?

የጎሃ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጓደኛሞች ሆነን ገንዘብ አዋጥተን የማዕድን ፍለጋ ፈቃድ ለማውጣት እየተነጋገርን ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ጀሶው በገደሉ ላይ ይታያል፤ ከላይ ደግሞ ጥቁሩ ባዛልት አለ። አንድ ደላላ መጥቶ «ሳይቤሪያ ኖሪልስክ ላይ ያ ሁሉ ኒኬልና ፕላቲነም የተገኘው ቅልጥ አለት በጀሶ ውስጥ ሲያልፍ ድኙን ስለወሰደ ነው፤ የእናንተም ያው ነው» ብሎ ጓደኞቼን አሳምኗል። ቢጫ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይም አሳይቶናል። ለመሆኑ ድኝ ወደ ቅልጥ አለት የሚገባው እንዴት ነው? ብር ከማውጣታችን በፊት ራሳችን ልናየው የምንችለው ነገርስ አለ?

ኮረት

ወንድሜ፣ ስለ ኖሪልስክ የነገራችሁ መሠረት አለው። ነገሩ የተበላሸው «ያው ነው» ያለው ላይ ነው።

ከማንትል (ከምድር ቅርፊት ሥር ካለው ወፍራም የአለት ንብርብር) የሚነሳ ባዛልታዊ ቅልጥ አለት የራሱን ድኝ ይዞ ይመጣል፤ ነገር ግን አሟሙቶ ሊይዝ የሚችለው ጥቂት ነው፣ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ። ከዚያ የተረፈው ድኝ ከብረት ጋር ተጣምሮ ሰልፋይድ የሚባል ፈሳሽ ይሆንና ዘይት ከውሃ እንደሚለይ ይለያል፤ ይኸኛው ግን ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይዘቅጣል። ኒኬል፣ መዳብና ፕላቲነም ደግሞ ከቅልጥ አለቱ ይልቅ ሰልፋይዱን ስለሚመርጡ እየተሰበሰቡ እሱ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ልብ በሉ፦ ቅልጥ አለት ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሰልፋይድን የማሟሟት አቅሙ ይጨምራል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የምድር ቅርፊት ዘንድ የሚደርሰው ገና ሳይጠግብ፣ ማለትም ሊይዝ የሚችለውን ያህል ድኝ ሳይሞላ ነው። እንዲጠግብ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው በመንገዱ ላይ ካሉ አለቶች የሚያገኘው ድኝ ነው። ከግድግዳው የተገነጠለ ድንጋይ ገብቶበት ይሟሟል፤ ወይም ሙቀቱ ዙሪያውን ሲያበስለው ድኝ ያዘለ ጋዝ ይወጣና ይገባበታል። ፓይራይት (ወርቅ የሚመስል የብረትና የድኝ ማዕድን) ያለበት ጥቁር ሼል (ከጭቃ የረጋ ስስ ንብርብር አለት) ለዚህ የተመቸ ነው፤ ፓይራይት ሲግል ግማሽ ያህል ድኙን ለቆ ፒሮታይት የሚባል ድኙ ያነሰ የብረት ሰልፋይድ ይሆናልና። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ያለው የዱሉዝ አለት፣ 1.1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው፣ ድኙን በብዛት ያገኘው ከእንዲህ ዓይነት ሼል ነው።

ጀሶ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ድኙ ከኦክስጅን ጋር የታሰረ ሰልፌት ስለሆነ ሰልፋይድ እንዲሆን ኦክስጅኑን የሚነጥቅለት ነገር ይፈልጋል፤ ከሰል ወይም ሌላ ካርቦን ያለበት አለት፣ አለዚያም የቅልጥ አለቱ ብረት ራሱ። ኖሪልስክ ውኃ አልባ ጀሶም (አንሃይድራይት) ከሰልም ነበረው፤ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ።

ገደል አፋፍ

ኮረት ጥሩ ብሏል፤ እኔ ስለ ቦታው ልጨምር። ከላይ የምታዩት ባዛልት ላቫ ነው፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ላይ ፈስሶ የረጋ። ጀሶው ላይም አልተኛም፤ በመካከላቸው የኖራ ድንጋዩና የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ አሉ። ቅልጥ አለቱ በእርግጥ በጀሶው በኩል ወጥቷል፣ ግን ቀጭን ስንጥቅ በጀሶ ውስጥ አለፈ ማለት ማዕድን ተከማቸ ማለት አይደለም። ብዙ ቅልጥ አለት በአንድ ቦይ ለረጅም ጊዜ መፍሰስ አለበት፤ ሰልፋይዱም የሚዘቅጥበት ሰፋ ያለ ክፍል ያስፈልገዋል። ኖሪልስክም ቢሆን ማዕድኑ ያለው ከላቫው ሥር፣ በአለት መካከል ገብተው በረጉት ንብርብሮች ውስጥ ነው። ከላቫዎቹ አንዳንዶቹ እንዲያውም ኒኬላቸውና መዳባቸው ተሟጦ ነው የተገኙት፤ የፈላጊ ዓይን የሚሄደው እንዲህ ያለ ጉድለት ላይ ነው።

እትዬ ሙከራ

ልጆቼ፣ መጀመሪያ ያን ድንጋይ ተቀበሉትና ያልተወለወለ የሴራሚክ ጀርባ ላይ ፈትጉት። ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል፤ ፓይራይት ጥቁር አረንጓዴ። በቢላዋ ጫሩት፤ ፓይራይት አይጫርም፣ መዳብ ያለበት ካልኮፓይራይት ይጫራል። ማግኔትም አስጠጉ፤ ፒሮታይት ይሳባል። ባዛልትም ማግኔታይት የሚባል ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን ስላለው ስለሚሳብ ቢጫውን ለብቻው ፈርፍራችሁ ሞክሩ። ደግሞ «እንተኩሰውና እንሽተተው» የሚል አይጠፋም፣ ቤት ውስጥ በጭራሽ! የድኝ ጭስ ሳንባ ያቃጥላል።

ላቦራቶሪ ከላካችሁ ኒኬል፣ መዳብና ድኝ አስለኩ። አቅም ካለ የድኝ አይሶቶፕ (የከባዱ ድኝ-34 እና የቀላሉ ድኝ-32 ንጽጽር፣ ከመለኪያ ናሙና ያለው ልዩነት ከሺህ የሚቆጠር) አለ፦ የማንትል ድኝ ዜሮ አካባቢ ነው፣ ከባሕር የተገኘ ጀሶ ከሺህ ከአሥር በላይ ይከብዳል፣ የኖሪልስክ ማዕድን ከ8 እስከ 12 ገደማ ነው። ይኼ ግን ድኙ ከየት እንደመጣ እንጂ ማዕድኑ ያዋጣ እንደሆነ አይነግራችሁም። በእኔ ግምት ለእናንተ ብር ማባከን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ድንጋዩ ከየት ተነሣ?

የጎሃ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ። ፈተግነው፣ ጥቁር መስመር ነው የተወው፤ ቢላዋም አልጫረውም። ቦታውን ስንጠይቀው «ቅድሚያ ክፍያ ከገባ በኋላ ነው የማሳያችሁ» አለ።

ገደል አፋፍ

ሃሃ! በሉ እንግዲህ፣ ቦርሳችሁን ያዙ።

ኮረት

ፓይራይት ነው የያዛችሁት። ፓይራይት ደግሞ ቅልጥ አለት ባልደረሰበት ሼል ውስጥም ሞልቷል። ማዋጣቱን ካልተዋችሁ ግን ለምን ጀሶውን ራሱን አታዩትም? ሲሚንቶ ሲፈጭ ቶሎ እንዳይደርቅ ከመቶ ከ3 እስከ 5 እጅ ገደማ ጀሶ ይገባበታል፤ የሙገርም የደርባም ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከእናንተ ያን ያህል ሩቅ አይደሉም። ወረዳ ማዕድን ቢሮ ሄዳችሁ ቦታው በሌላ ሰው ፈቃድ ተይዞ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልተያዘ ሸክላና ኖራ ያልተቀላቀለበትን ንብርብር ለይታችሁ ናሙና ውሰዱ። በጥፍር የሚጫረው ጀሶ ነው፤ ሎሚ ሲጨመቅበት የሚፈላው ኖራ ነው።