«የካልሲየም ምልክት» ምን ማለት ነው?

ጀማሪ፦ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ትርጉም ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። «በማደግ ላይ ባሉ የግሊያ ሕዋሳት፣ የግሉታሜት ተቀባዮች የካልሲየም ምልክት ይቀሰቅሳሉ» ብዬ ጻፍኩ። ግሊያ ነርቮችን የሚደግፉ የአንጎል ሕዋሳት፣ ግሉታሜት ነርቮች የሚለቁት መልእክተኛ ኬሚካል ነው፤ «ምልክት» ያልኩት ካልሲየም ሕዋሱ ውስጥ ከፍ ብሎ መልእክት ሲሆን ነው። ያነበበልኝ ሰው «የእጥረት ምልክት ነው?» አለኝ። «ምልክት» እዚህ ይሄዳል ወይ?

ባለግስ፦ ምልክቱን ተወው፤ ችግሩ «ተቀባይ» ነው። ተቀባይ አድራጊ ነው። ይሄ የሕዋሱ ሽፋን ላይ የተሰካ ፕሮቲን ነው። «መቀበያ» በል።

ዘራፊ፦ «ተቀባይ» ከ«ቀባ» ይመስለኛል። ነርቩ የለቀቀው ግሉታሜት መጥቶ ይቀባዋል፣ ይነቃል። እንደ ቅብዐት።

ባለግስ፦ ኧረ በሕግ! ከ«ቀባ» የሚወጣው «ተቀቢ» ነው። ገደለ ገዳይ፣ ከፈለ ከፋይ፣ ተቀበለ ተቀባይ፤ ለ በየ ተውጣ ነው። ይቺን ቅኔ ቤት ገና በሩ ላይ ነው የሚነግሩህ።

ዘራፊ፦ በሩ ላይ ብዙ ስለቆየህ ታውቃታለህ።

ማይክሮስኮፕ፦ ተቀባዩ ሁለት ዓይነት ነው እኮ! አንዱ ራሱ በር ነው፤ ግሉታሜት ሲይዘው ይከፈታል። አምፓ የሚባለው፣ ግሉኤ2 የተባለው ክፍል ከሌለው ካልሲየምም ያሳልፋል። ሌላው በር የለውም። ውጭ የሰማውን ወደ ውስጥ ይናገራል፤ አይፒ3 የሚባል መልእክተኛ ሄዶ ካልሲየሙን ከውስጥ ግምጃ ቤት ያስለቅቃል። በአይጥ አስትሮሳይት (አንዱ የግሊያ ዓይነት) ላይ ከዚህ በር የለሽ ወገን የሆነው ኤምግሉአር5 በጨቅላነት በርክቶ ሲያድጉ ይመናመናል፤ ስለዚህ «በማደግ ላይ» የምትለዋን እንዳትጥላት።

ዜመኛ፦ ሁለተኛው «ተቀባይ» ለመባል የተፈጠረ ነው! አውጪ ያወጣል፣ ተቀባይ ይቀበላል። ዘፈን ተቀባይ ይመልሳል እንጂ ወስዶ ዝም አይልም። በግእዝ «ተወካፊ» ብትሉት ግን ይቺ መልስ ትቀራለች።

ባለግስ፦ ፕሮቲን ይዘፍናል? መቀበያ!

ዘራፊ፦ «ሕዋስ»ስ? አምስቱ ሕዋሳት ስንል እኮ ማየት፣ መስማት ነበር። «ግሊያ» ደግሞ በግሪክ ሙጫ ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ፊርሾ እ.ኤ.አ. በ1856 ነርቭን የሚያያይዝ ነገር ብሎ ነው የሰየመው። ጠያቂያችን «ተጣብቄ ቀረሁ» ያለው ትንቢት ነው።

ጀማሪ፦ ምልክቱስ?

ዜመኛ፦ የዜማ ምልክት ከፊደሉ በላይ ተቀምጦ «እንዲህ በል» ይልሃል አይደል? ካልሲየሙም ሕዋሱን «እንዲህ ሁን» ነው የሚለው። ይሄዳል።

ባለግስ፦ የዜማ ምልክት ያመለክታል እንጂ አያዝም።

ዜመኛ፦ መሪጌታ ፊት ሳትከተለው ቀርተህ እየው።

ጀማሪ፦ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ እኮ።

ዘራፊ፦ ተቀባዩ ማን ነው?

ባለግስ፦ መቀበያው!