ኤኤስኦ (ሰውነት ስትሬፕቶኮከስ በተባለው ባክቴሪያ ላይ የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል የሚለካ የደም ምርመራ) 400 ከወጣ የሩማቲክ ትኩሳት ነው ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ ጉልበቱ አብጧል፣ ያተኩሰዋል። ኤኤስኦ በላቴክስ (ጥቃቅን የላቴክስ ቅንጣቶች ከሲረም፣ ማለትም ከደም ከሚለየው ፈሳሽ፣ ጋር ሲቀላቀሉ መጓጎላቸው የሚታይበት ዘዴ) 400 ወጣ። ይበቃል?

መልስ 1፦ ብቻውን አይበቃም። በቅርቡ ስትሬፕቶኮከስ ይዞት እንደነበር ይጠቁማል እንጂ በሽታውን አይለይም፤ ጤነኛ ተማሪዎችም ከ200 በላይ ሊኖራቸው ይችላል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ይደገም፤ መጨመሩ ወይም መቀነሱ ከአንድ ቁጥር የበለጠ ይናገራል። የሩማቲክ ትኩሳት ልብን ሊጎዳ ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድ ግን ድጋሚውን አይጠብቅ፣ እባካችሁ!

መልስ 2፦ ከላብራቶሪ በኩል፦ ሲረሙና ላቴክሱ የክፍሉን ሙቀት ይያዙ፣ ላቴክሱም በደንብ ይወዝወዝ። የሚነበበው ልክ በ2 ደቂቃ ነው፤ ከዘገየ ጠብታው ይደርቅና የውሸት ፖዘቲቭ ያሳያል። ፖዘቲቭ የሆነው የመጨረሻው ቅጥነት 1:2 ከሆነ 2 በ200 (ላቴክሱ ሊለየው በሚችለው ዝቅተኛ መጠን) ተባዝቶ 400 ይሆናል።

መልስ 3፦ መነሻው የቆዳ ቁስል ከሆነ ኤኤስኦ ላይጨምር ይችላል። ያኔ አንቲ ዲኤንኤዝ ቢ (ለዚያው ባክቴሪያ የሚሠራ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ) ይታዘዝ።