ቀይ ስር ቀለሙን አልቀይር አለኝ፤ ላቦራቶሪ ለሌለው 10ኛ ክፍል ምን ይሻላል?

የገጠሯ ቲቸር

ሰላም ለዚህ ቤት። ከከተማ ወጣ ባለ ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በሩ ላይ «ላቦራቶሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል አለን፤ ውስጡ ግን የተሰባበረ ዴስክና የድሮ ፕላዝማ ነው የሞላው። አሲድና ቤዝ በቀለም የምንለይበት ሊትመስ ወረቀት ካለቀ ቆይቷል። ልጆቼ ከ60 በላይ ናቸው። «አሲድ ሰማያዊ ሊትመስን ያቀላል» የምትለዋን ሸምድደዋታል፤ ሲቀላ ያየ ግን አንድም የለም።

በቀደም ቀይ ስር ቀቅዬ ውሃውን ይዤ ገባሁ። ሎሚ ጨመርኩ፣ ቀይ። ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩ፣ ያው ቀይ። ሳሙናም ያው። ከኋላ አንዱ ቀልደኛ «ቲቸር፣ ቀይ ስሩ ገለልተኛ አቋም ይዟል» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በረኪና ላይ ግን ቀለሙ ጭራሽ ጠፋ። ለምንድነው? ደግሞ ወጪው ከራሴ ኪስ ስለሆነ «ከአዲስ አበባ አስመጪ» እንዳትሉኝ አደራ።

የድሮ ላብ ቴክኒሺያን

መምህርት፣ ቀይ ስር ብዙ ሰው ሸውዷል። ቀለሙ ቤታሌይን የሚባል ነው። በጣም ጠንካራ ቤዝ ካልመጣበት ንቅንቅ አይልም። ቤኪንግ ሶዳ አቅሙ አይፈቅድም። የኖራ ውሃ ብትጨምሪበት ግን ቢጫ ይሆንልሻል።

የምትፈልጊው አንቶሲያኒን፣ ማለትም አሲድና ቤዝ ሲነካው መልኩን የሚቀይር የዕፅዋት ቀለም ያለበትን ነው። ቀይ ጥቅል ጎመን ምርጥ ነው ይላሉ፤ እሱን ገጠር ማን አይቶት? የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሰብስቢ። ድግስ ያለበት ቤት ከሄድሽማ በጆንያ ያሸክሙሻል። ውጪውን ደረቁን ልጣጭ በትንሽ ውሃ አሥር ደቂቃ ያህል አፍልተሽ አጥልዪው። ሎሚ ጠብ ሲልበት ወደ ሮዝ ይሄዳል፤ ሶዳ ሲነካው ወደ ቢጫማ አረንጓዴ። ከርከዴ ካገኘሽ ደግሞ ከሱም የደመቀ ነው።

በረኪናው የሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ቀለሙን ኦክሲዳይዝ አድርጎ አጠፋው። እባክሽ እሱን ከክፍል አውጪው። ልጅ «ሁሉንም እንደባልቀው» ማለቱ አይቀርም። በረኪና ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ቀልድ አይደለም።

ቲቸር ከአዳማ

ጋሼ ያሉት ላይ እርድን ልጨምር። አንድ ማንኪያ እርድ በፋርማሲ አልኮል በጥብጪና ነጭ ወረቀት ቀቢበት። (አረቄም ይሠራል፤ ስታፍ ውስጥ እንዳትረሺው ብቻ።) ሲደርቅ በቀጭን በቀጭኑ ቁረጪው። ኦሞ የተበጠበጠበት ውሃ ሲነካው ወዲያው ቀይ ቡናማ ይሆናል፤ ሎሚ ሲያርፍበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። ችግሩ ሎሚና ንጹህ ውሃ ላይ እኩል ቢጫ ነው፤ አሲድን ለብቻው አያሳይሽም። ስለዚህ ከሽንኩርቱ ጋር አጣምሪው።

ብርጭቆ ደግሞ አያስፈልግሽም። ባዶ የክኒን ማሸጊያ፣ ያቺ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለችዋን ፕላስቲክ፣ ልጆቹ ከቤት ያምጡ። በየጉድጓዱ ሁለት ጠብታ በቂ ነው። አንድ ስኒ የሽንኩርት ውሃ ክፍሉን ሙሉ ያዳርሳል።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ጠብታው ከመውደቁ በፊት እያንዳንዱ ግሩፕ ግምቱን ይጻፍ። እኔ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ኦሞ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣለሁ። ሁሉም «ሳሙና ቤዝ ነው» ብሎ ይጽፋል። ኦሞው እርዱን ያቀላዋል፤ ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ ወደ ገለልተኛ የተጠጋ ስለሆነ ምንም አያደርገውም። ከዚያ ጭቅጭቁን ማን ያቁመው! ለእኔ ትምህርቱ እዚያ ጭቅጭቅ ላይ ነው እንጂ ቀለሙማ ትርዒት ነው።

እውነቱን ልንገርህ

አይ እናንተ ሰዎች። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው፤ ስም ጥሪና ጸጥታ ማስከበር ሩቡን ይበላዋል። ርዕሰ መምህሩ የሚጠይቀኝ «ምዕራፍ ስንት ደረስክ?» ብሎ ነው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የሁሉም ወሬ ወርክሺት ሆኗል። ልጣጭ ሳፈላ ማን ቻፕተር ይጨርስልኝ?

የድሮ ላብ ቴክኒሺያን

ወንድሜ፣ ያ ውጤት እኮ የመጣው ሙከራ ስላበዛን አይደለም። የሰዓቱ ነገር ግን እውነትህን ነው። ልጣጩ ማታ ቤት ይፍላ፤ ክፍል ውስጥ መጨመርና ማየት ብቻ ይሁን።

የገጠሯ ቲቸር

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሽንኩርቱን ከሰፈራችን ሻይ ቤት አገኛለሁ፤ የክኒን ማሸጊያውንም ዛሬ አዝዣለሁ። የኖራ ውሃ ያሉት በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማሳየትም ይሆናል አይደል? እንዴት ላዘጋጀው?

የድሮ ላብ ቴክኒሺያን

አዎ ይሆናል። ውሃ ሲነካው የሚግለውን ጥሬውን አትንኪ። ለግድግዳ ቅብ ከሚሸጠው ዱቄት አንድ ማንኪያ በሃይላንድ ውሃ በጥብጠሽ፣ ከድነሽ አሳድሪው። ጠዋት ከላይ የጠራውን ብቻ ቀስ ብለሽ ቅጂ። ልጆቹ በስትሮ ቀስ ብለው ይንፉበት፤ መሳብ ክልክል ነው፣ ዓይንም ይጠንቀቁ። መጀመሪያ እንደ ወተት ይነጣል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እዚያ ላይ አታስቁሚያቸው። መንፋቱን ከቀጠሉ ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት ተለውጦ ተመልሶ ይጠራል። ያንን ቀልደኛ መጀመሪያ አስነፊው።