ከደሴ አዲስ አበባ በሳይክል፦ መንገድ ላይ የታመመ ሰው ይቀጥል ወይስ ይውረድ?

ሸርፍ ተራ፦
እንዴት ዋላችሁ። አሥራ ሁለት ሆነን ለኩላሊት እጥበት ታካሚዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ከደሴ አዲስ አበባ በአራት ቀን በሳይክል ልንሄድ ነው። ማደሪያችን ከሚሴ፣ ሸዋሮቢትና ደብረ ብርሃን ነው። ጎማው፣ ካላማዳሪያው፣ ፍሬኑ ሁሉ ተሰናድቷል፤ ያልተነጋገርንበት ሕመም ነው። አንዱን ቢያስቀምጠው ወይም ቢያተኩሰው በምን ለይተን ቀጥል ወይም ውረድ እንበለው? አንዳንድ ለጋሾች ቃል የገቡት በኪሎ ሜትር ሂሳብ ስለሆነ፣ የታመመ ሰው በይሉኝታ እንዳይነዳ ሰግቻለሁ። እህታችሁን አስረዱኝ።

ጦሳ ሥር፦
አብሽሪ እህቴ፣ ሆድ ቶሎ ከተያዘ የሚመለስ ነው። መድኃኒቱ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ነው፤ ስህተት የሚበዛውም እዚያው ላይ ነው። አንድ ከረጢት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። የሳይክል ኮዳ ግን ብዙ ጊዜ ከ750 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ሙሉውን ከረጢት እዚያ ከገለበጣችሁት ይወፍርና ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ስለዚህ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ በጥብጡና ወደ ኮዳው ቀንሱ። ባስቀመጠው ቁጥር ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይጠጣ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ አርፎ በማንኪያ በማንኪያ ይጀምር። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ከረጢት ካለቀ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ለስላሳ መጠጥ አይተካውም፤ ስኳሩ ይበዛል።

ለእናንተ ቁጥር 30 ከረጢት ብትይዙ አይበዛም።

ብዙዎች ምግቡን ይጠረጥራሉ እንጂ የኮዳውን አፍ አያዩትም። የፊት ጎማ የሚረጨው እበት የነካው ጭቃና አቧራ የሚያርፈው እዚያ ነው። ክዳን ያለው ኮዳ ግዙ፣ ማታ ማታም አፉን ፈታታችሁ በሳሙና እጠቡ። ሽሮው እየተንተከተከ ይቅረብ፤ ሰላጣና ጥሬ ሥጋ አዲስ አበባ እስክትደርሱ ይቆይ።

ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳት ከተጨመረ፣ ወይም 8 ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልመጣው ነገሩ የኦአርኤስ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ነው።

ከቦርከና ማዶ፦
ትኩሳትን በተመለከተ ድርድር አይኑር። ቴርሞሜትሩ 38 ካሳየ ሰውየው ከሳይክል ይወርዳል። እያተኮሰው ዳገት የሚገፋ ሰው የልብ ጡንቻው ሊቆጣ ይችላል፤ ይህ ወጣት ስፖርተኛንም ይገድላል። ንፍጥና ቀላል የጉሮሮ ሕመም ብቻ ከሆነ ቀስ ብሎ መንዳት ይቻላል። የደረት ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ብርድ ብርድ ማለት ካለ አይቻልም። ከጉዞው በፊት ለአንድ ሳምንት ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን 60 ሴኮንድ ቆጥራችሁ ጻፉ። ከለመዳችሁት በ10 ከጨመረና ሰውነት ከደከመ ያ ቀን የዕረፍት ነው።

ፓራሲታሞል ከመዋጡ በፊት ሙቀቱ ይለካ፤ አለበለዚያ ኪኒኑ ትኩሳቱን ይደብቃል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ለኩላሊት ታካሚ እየነዳችሁ ይህን አደራ። ሲፕሮፍሎክሳሲንንም በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ጅማት ያዳክማል፣ በተለይ የተረከዙን፣ ፔዳል የሚገፋውም እሱ ነው።

ከሚሴና ሸዋሮቢት ቆላ ናቸው፣ ወባ አለ። አጎበር ያዙ። ወባ ከተነከሱ በኋላ ለመታየት ቢያንስ 7 ቀን ገደማ ስለሚፈልግ፣ በሁለተኛው ቀን የሚመጣ ትኩሳት የዚያ ሌሊት ንክሻ አይደለም። ቢሆንም ጣት ተወግቶ ይመርመር፤ ቀደም ብሎ ቆላ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ከተመለሳችሁ በኋላም ያተኮሰው ሰው የት እንዳደረ ለሐኪሙ ይንገር።

ሸርፍ ተራ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሲያስቀምጠው ያደረ ሰው በሦስተኛው ቀን የጣርማ በርን ዳገት ይወጣል?

ሐረጎ፦
አይወጣም። ከሸዋሮቢት እስከ ጣርማ በር ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ታች ሙቀት፣ ላይ ጉምና ብርድ። ያ ቀን ለታመመ ሰው የመኪና ቀን ነው። ከደብረ ብርሃን ግን ምግብ ከረጋለትና 24 ሰዓት ካላተኮሰው ሊቀላቀል ይችላል። ቁልቁለትንም አትናቁ። እዚሁ ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ ያዞረው ሰው ሐረጎ ላይ ፍሬን እኩል መያዝ ያቅተዋል።

ተከታይ መኪናው ለሁለት ሰውና ለሁለት ሳይክል ባዶ ቦታ ይኑረው። አውርዱት የሚለው ሰው የማይነዳ ይሁን፤ ነጂ ለነጂ ያዝናል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የለጋሾቹን ነገር አሁኑኑ ጨርሱት። ቃሉ ለቡድኑ ጠቅላላ 400 ኪሎ ሜትር ይሁን እንጂ ለአንድ ሰው አይሁን። አንዱ ቢወርድ ሌላው ያደርሰዋል፣ ብሩም አይጎድልም። ይህ በወረቀት ሰፍሮ ከመነሳታችሁ በፊት ለሁሉም ይነበብ።