የፀሐይ ግርዶሹን ለ20 ሰው እንዴት ላሳይ?

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ጂዳና ሉክሶር ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። እኛ አዲስ አበባ በከፊል እናያለን፤ ያውም ክረምቱ ከፈቀደ። ቤተሰብ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረቦቼ እኛ ግቢ እንሰበሰባለን፤ 20 ሰው እንሆናለን።

ያለኝ በ2012ቱ ግርዶሽ የገዛሁት አንድ መነጽር ነው። ተጭሯል፤ ስለዚህ ለማንም አልሰጥም። የራጅ ፊልምም አይታሰብም፣ የዓይን ነገር ነው።

እሁድ ዕለት ካርቶን በመርፌ በስቼ፣ በቀዳዳው የሚያልፈው ብርሃን የፀሐይን ምስል ወረቀት ላይ እንዲጥል ሞከርኩ። ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ 30 ሳንቲሜትር ነው። የወጣችው ፀሐይ 3 ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም፣ የምስር ፍሬ በሏት። እናቴ ጎንበስ ብላ ፈልጋ አጣቻት። ወደ 2 ሜትር ሳርቀው ደግሞ ደበዘዘብኝ።

አሁን በትንሽ መስታወት ብርሃኑን ወደ ጨለማ ሳሎን ልመልሰው አስቤያለሁ። ግድግዳው ላይ የቡና ሲኒ አፍ የምታክል፣ ጥርት ያለች ፀሐይ እንድትወጣ መስታወቱን በምን ያህል ርቀት ላስቀምጠው፣ ምን ያህሉንስ በወረቀት ልሸፍነው?