ስኳሩ እያረረ ፈንዲሻዬን አበላሸብኝ
እባካችሁ ፈንዲሻ የሚሆንላችሁ እርዱኝ። ጨውም ስኳርም ያለው ፈንዲሻ ለመሥራት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ወፍራም ድስት ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግልና ግማሽ ብርጭቆ ፈንዲሻ እጨምራለሁ። ሁለት ሦስት ፍሬ ሲፈነዳ 2 ማንኪያ ስኳር ነስንሼ እከድነዋለሁ። ድስቱን በጨርቅ ይዤ ሳላቋርጥ እንጠዋለሁ። ግን ግማሹ ሳይፈነዳ ስኳሩ ከታች ያርና ሁሉንም መራራ ያደርገዋል። ፍሬው ለመፈንዳት 180 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ ስኳር ደግሞ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይጠቁራል። እሳቱን ስቀንስ ብዙው ሳይፈነዳ ይቀራል። ጨዉም አይዝም፤ ሥሩ ይከማቻል።

ስኳሩን ለብቻው አቅልጬ መጨረሻ ላይ ላፍስስበት? ጨዉንስ ላድቅቀው? እሑድ እማዬ ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታለች። ከረከቦቷ አጠገብ ያረረ ነገር ማቅረብ አልፈልግም።